በብርጭቆ ወረቀት ያረጀች ጊታር

የሰደበኝ ውበቱ ነው። ቀኑ ጥር 21 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ አስተርእዮ ማርያም። ቦታው ደምበጫ፣ የአቶ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ሰርግ። ሰዓቱ ደግሞ ሙሽራው ገብቶ ወጥ ሲታደል። ይህን ሁሉ ይዤ የኖርኩት ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። የወጋ ይረሳል፤ የተወጋ ቀኑን ይይዛል።

ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጊታሬን አንስቼ ልቃኝ ስል ውበቱ ማይኩን ከዘፋኙ እጅ ወሰደና፣ «ጋሼ አንሙት፣ ይችን ጊታር አይጥ ነው የበላት ወይስ እርስዎ ምሳ አጥተው ነው?» አለ። ሰው በሳቅ አውካካ። ሙሽራይቱ ሳትቀር አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየኋት። ያን ጊዜ ውበቱ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። የመጀመሪያዋን ጣት በየትኛዋ ክር ላይ እንደሚያሳርፍ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

መቼም እውነቱን ለመናገር ጊታሬ ተበልታ ነበር። ቦክስ ጊታር ናት። በደርግ ጊዜ በአውራጃው ኪነት ውስጥ ስጫወትባት ኖሬ፣ ኪነቱ ሲፈርስ የሚፈልጋት ስለጠፋ ለእኔ ቀረች። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ጠንቅቄ የተማርኩት እሷን ብቻ ነው። በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ደብረ ኤልያስ፣ ጉንደ ወይን፣ ደምበጫ ስንዞር ፀሐዩንም ዝናቡንም እኩል ቀምሰናል። የቀኝ ክንዴ የሚያርፍበት ቀለሟ ለቆ እንጨቱ ወጥቷል። ከቀዳዳዋ በታች ደግሞ እንቁላል የምታህል ቦታ ተፍቃ ነጥታለች፤ እስክስታውን ለማስያዝ በቀለበት ጣቴ ጥፍር እዚያ ላይ ስለምመታት ነው። እንደዚያ የሚመታ ሌላ ሰው አላየሁም።

ከደምበጫ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን አብዱልቃኒ ሱቅ ሄድኩ። እንጀራዬ አናጺነት ነው፤ አልጋ፣ ቡፌ፣ ቁምሳጥን እሠራለሁ፤ ምስማሩንም ኮላውንም የምገዛው ከሱ ነው። የብርጭቆ ወረቀትና ቨርኒሽ ስጠይቀው፣

«የማን ቡፌ ነው ደግሞ?» አለኝ።

«ቡፌ አይደለም። ጊታሬን ላድሳት ነው።»

እጁ የቨርኒሹ ቆርቆሮ ላይ ቀረ። «አንሙት፣ ተው። ይች እኮ ዕቃ ማስቀመጫ አይደለችም።»

«ትሸጣለህ አትሸጥም?»

ሸጠልኝ። ቀለሟን እስከ እንጨቱ ፋቅኳት። የክንዴን ቦታ፣ የጥፍሬን ቦታ፣ ሁሉንም አስተካከልኩና ሦስት ጊዜ ቨርኒሽ ቀባኋት። እንደ ሙሽራ ቡፌ አብረቀረቀች። ክሯን መልሼ ስመታት ግን ድምጿ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። ሲደርቅ ይከፈታል ብዬ ጠበቅሁ። ደረቀ፤ አልተከፈተም። ቨርኒሹን መልሼ እንዳልፍቀው ደግሞ እንጨቷ ከስቷል፤ ትሰነጠቅብኛለች። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀባትም፤ ይኼው ነው ትርፌ።

ውበቱ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገባ። እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቀረሁ። በኋላ ወይዘሮ እስከዳር ሆቴሏን ስትከፍት፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ከግራሩ ሥር እንድጫወት ጠየቀችኝ። ወንበሩን ራሴ ከዋንዛ ሠራሁት። ክንዴ እንዲላወስ ብዬ የቀኝ መደገፊያ አላበጀሁለትም፤ ለሌላ ሰው አይመችም። አሥራ አራት ዓመት በዚያ ወንበር ተቀምጫለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን አናጺው አንሙት ነኝ። እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው ሰው «ጊታር የሚጫወተው አንሙት» የሚለኝ። ያቺን ግማሽ ቀን ብነጠቅ ምን እንደምሆን አስቤውም አላውቅ።

በ2008 ዓ.ም. ለፋሲካ እኅቴ ጥሩብርሃን ጋ ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። ለካስ ውበቱ በዚያው ሰሞን እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ኖሯል። የፋሲካ ዕለት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ተጫወተ። ስመለስ ወይዘሮ እስከዳር ሆቴሏ በር ላይ ነበር የተቀበለችኝ።

«አንሙት፣ አመለጠህ! ጊታሩን ብታይለት! እጁ እንጨቱን በልቶታል እኮ። ስንት ዘመን፣ ስንት መድረክ አይታ ይሆን!»

«የእኔስ ጊታር?»

«ያንተማ ንጹሕ ናት» አለችኝ።

ንጹሕ! እንደ ታጠበ ሳህን። ቀጥላም ያልጠበቅሁትን አመጣች፦ ውበቱ ከእንግዲህ ማርቆስ መቀመጥ አስቧል፤ ስለዚህ ለዳግም ትንሣኤ እሁድ ሁለታችንም እንጫወት፣ ወንበሩ ለማን እንደሚሆን እንግዶቿ ይፍረዱ።

ቅናት ነው በሉኝ፤ አዎ ቅናት ነው። ማክሰኞ ሙሉ ቀን የሰው አልጋ ስልግ አንዱን እግር ከሌላው አሳጠርኩት። የሚያበግነኝ ወንበሩ ብቻ አይደለም። እኔን ያሳቀብኝ መላላጥ እሱን አስከበረው! በእኔ ላይ ሲሆን የድህነት፣ በሱ ላይ ሲሆን የሙያ። ገበያ ስወጣ ስለ ጊታሩ ያወራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስለ ጊታሩ ያወራሉ። አንዱ ደግሞ «አንሙት፣ ያንተም ትንሽ ብታረጅ» አለኝ። ሰላምታውን ሳልመልስ አለፍኩ።

ሐሙስ ዕለት ሆቴሉ ጎራ ስል ውበቱ ጊታሩን እዚያው አሳድሮ ሄዶ ኖሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ማንም አልነበረም። አውርጄ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት።

የክንዱ ቦታ ተልጧል፤ ከቀዳዳዋ በታችም እንቁላል የምታህል ቦታ ነጥታለች። የት ነው የማውቃት አልኩ። ወዲያው ግን አናጺነቴ ቀደመኝ። የክንድ ላብ ዙሪያውን እያሳሳ፣ እያሳሳ ነው የሚበላ፤ ይህ ግን እንደ እርሻ ድንበር ተቆርጦ ቆሟል። አስጠግቼ ሳየው የብርጭቆ ወረቀት መስመሮች፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተኙ። ጣት የሚያርፍባቸው የአንገቷ ብረቶች እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራሉ። አፍንጫዬን ወደ ቀዳዳዋ ሰደድኩ፤ ኮላ ትሸታለች። አዲስ ናት! አዲስ ጊታር ፍቆ፣ አስረጅቶ ነው አገር የሚያታልለው!

መልሼ ሰቀልኳት። ከዚያን ቀን እስከ እሁድ ደስ ብሎኝ እህል በላሁ።

ዳግም ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 30። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ሞልቷል። ጡረታ የወጡት መምህር ገዳሙ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አብዱልቃኒ ለስላሳውን ይዞ ከጎናቸው አለ። ውበቱ ወንበሬ ላይ ነበር። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ሸብቷል።

«ጋሼ አንሙት! ይቀመጡ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

«ተጫወትበት» አልኩት። ደግነት አስመስሎ ሊቀድመኝ ነው ብዬ።

ተጫወተ። እግዜር ይየኝ፣ ጥሩ ነው። ባቲውን ሲያወርደው የቢራ ጠርሙስ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዳንድ ቦታ ላይ እኔ ያሳየሁትን ሰማሁ፤ ከእኔ ወስዶ ከእኔ በላይ አድርጎታል። ተራው የእኔ ሆነ። ያው ብርድ ልብስ ውስጥ ያለችው ድምጽ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ሰው የራሱን ወሬ ጀመረ፤ አንዱ እንዲያውም ከወዲያ ማዶ ጥብስ አዘዘ። ስጨርስ ያጨበጨበልኝ ከሁሉ ቀድሞ ውበቱ ነው። ይህም አንገበገበኝ።

መምህር ገዳሙ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «መቼም የአንሙት አይከፋም። ግን የኖረች ጊታር ሌላ ናት፤ ከድምጿ ዕድሜዋ ያስታውቃል» አሉ።

«እውነት ነው!» አለች ወይዘሮ እስከዳር። ይህን ስትል ዓይኗ ወንበሩ ላይ ነበር።

ጊታሬን ወንበሩን አስደግፌ ተነሣሁ። «ያች ጊታር ውሸት ናት» አልኩ።

ሄጄ ጊታሩን ከውበቱ ጭን ላይ አነሣኋት፤ አልከለከለኝም። «እኔ አናጺ ነኝ። ይህን የፋቀው ክንድ አይደለም፣ የብርጭቆ ወረቀት ነው። መስመሩን እዩት! ብረቶቹን እዩ፣ ጣት መች ነካቸው? ኑ አሽትቷት፣ ኮላዋ ገና አልለቀቃትም። በል ንገራቸው ውበቱ፣ ስንት ዘመኗ ነው?»

«ሦስት ወሯ» አለ ውበቱ።

እንዲህ በቀላሉ። ላቡ ጠብ ሳይል።

«ሦስት ወር?» አለች ወይዘሮ እስከዳር።

«አዎ። የገዛሁበት ሱቅ እንዲህ ተደርጋ ነው የምትሸጠው። የሚያብረቀርቀውም አለ፤ የተላላጠው ግን ይወደዳል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አሉ መምህር ገዳሙ።

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ስንት ዘመን አየች ስትሉ ምን ልበል? ደግሞስ የኔታ፣ የእርስዎ የልጅ ልጅ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ በአዲስነቱ ገዝቶ ይለብስ የለ እንዴ?»

«ኧረ ተወኝ፣ እሱን ልጅ አታንሳብኝ!» አሉ መምህሩ፤ ሳቁ ከዚያ ተነሣ። አብዱልቃኒ እጁን አነሣ። «ወገኖቼ፣ እኔ ሱቅ አሥር ዓመት የቆየ ጫማ አለ። እስከ ዛሬ በርካሽ ልሸጥ ስለፋ! ነገ በእጥፍ ነው፣ ኑ!» ግቢው በሳቅ ተናወጠ። በውበቱ አይደለም የሚስቁት። ከውበቱ ጋር ነው የሚስቁት። ወይዘሮ እስከዳርም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትስቃለች። እኔ የሰው ጊታር ይዤ መሀል ግቢ ቆሜአለሁ።

ውበቱ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ጊታሩን ቀስ ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ።

«ይችን ለምን እንደመረጥኳት ልንገራችሁ» አለ። «ሱቁ ውስጥ ስድስት ተሰቅለዋል፤ ሁሉም መላላጣቸው ለየቅል ነው። ይችኛዋን ሳያት ልቤ ቆመ። ክንድ የሚያርፍበት ጋ እንዲህ፣ ከቀዳዳዋ በታች ደግሞ ይች የእንቁላል ምልክት። የጋሼ አንሙትን ጊታር ናት የምትመስል! ልጅ ሆኜ የሳቸውን ጊታር ለመንካት እጄን ይበላኝ ነበር። እዚህ ጋ በቀለበት ጣታቸው ጥፍር ሲመቷት ሰው ሁሉ ትከሻውን ያጣ ነበር። እኔም መቺ ብሆን እንዲህ ጊታር በበላሁ እያልኩ ነው ያደግሁት።»

«ደምበጫስ?» አልኩት።

«የቱ ደምበጫ?»

«የኃይለ ሚካኤል ልጅ ሰርግ።»

ፊቱ በራ። «ወይኔ፣ ያ ሰርግ! እንደዚያን ቀን ተጫውተው አያውቁም እኮ ጋሼ! እኔ ስቀልድ ነበር መሰለኝ፣ ጠጥቼም ነበር። እርስዎ ግን እንዴት አድርገው እንደመቷት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።»

ከዚያ ወደ ወይዘሮ እስከዳር ዞረ። «እትዬ፣ ስለ ወንበሩ አንጣላ። ወንበሩ የሳቸው ነው። እኔ ከጎናቸው በርጩማ ይበቃኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምን።» ወደ እኔ ተመለሰ። ዓይኑ ወንበሩን ተደግፋ ወደቆመችው የምታብረቀርቅ ጊታሬ ወርዶ ተነሣ፤ እንደ ማንም ዕቃ አይቶ አለፋት። «ይችን አዲሷን ይተዉዋትና የሚመጣው እሁድ ያችን አሮጌዋን ይዘው ይምጡልኝ። አንድ ጊዜ ልስማት። የት አለች፣ ቤት ነው ያስቀመጧት?»

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አብዱልቃኒ ለስላሳውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት፤ አየኝና መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ? አለች አይደል?»

የጊታሬን አንገት ጨብጬ ከወንበሩ ጎን አለፍኩ፣ ከግራሩ ጥላ ወጣሁ። ፀሐይ ቨርኒሹ ላይ ሲያርፍ ነጸብራቁ የግቢውን ግንብ እየዳሰሰ ከፊቴ ሄደ። ከኋላዬ ውበቱ እንደገና ጠራኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።