ባለ ሁለት እጀታው ቅርጫት

ሁለት እጀታ ያለውን ቅርጫት አንድ ሰው ብቻውን እሳት ላይ የሚይዘው እንዴት ነው? በሉ መልሱ! እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ነው የምትሉ ከሆነ፣ መካከል ያለው ፍም ሆዱን ይጠብሰዋል። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየተሯሯጠ ነው የምትሉ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ ጋር ክርክር የለም። የወረዳው የቅርስ ቢሮ ግን መልሱን አገኘሁ አለ። ማግኘቱም አልበቃው፤ በናስ ሰሌዳ አስቀርጾ፣ በቀይ ሪባን አስሮ ወደ ሁዋንሊ መንደር ላከው።

ኳይ ሱቺን ወሬው ሲደርሳት ግቢዋ ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የሻይ ቅጠል እየገነጠለች ነበር። ሌላው አገር ጸደይ ሳይጠባ ዓይኑን ያልገለጠ ቡቃያ ይለቅምና "እኔ ቀደምኩ" እያለ ይንጠራራል። የሉአን ጓፕየን ሻይ የሚሠሩ የዚህ ተራራ ሰዎች ግን የእህል ዝናብ የሚባለው ወቅት እስኪደርስና ቅጠሉ እስኪዘረጋ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቡቃያውን ወዲያ፣ ዘንጉን ወዲያ ያደርጉና ቅጠሉን ብቻ ያስቀራሉ። መቅደም ብቻውን ጣዕም ቢሆን ኖሮ ጥሬ ሩዝ ከበሰለው በበለጠ ነበር።

የመንደሩ ኮሚቴ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸ፣ ፉጨት ቢጤ አሰማና ለፈፈ።

"የሽማግሌው እሳት ጥበብ ብቸኛ ወራሽ፣ ጓድ ቹ ዪሻን! ቅዳሜ ጠዋት በዐውድማው ላይ ጥበቡን ለሕዝብ ያሳያል!"

የሴቶቹ እጅ ቅጠሉ ላይ ቀጥ አለ። ሁሉም ዞረው ሱቺንን አዩ።

ሽማግሌው እሳት የሚሉት የሻዩን የመጨረሻ እሳት ነው። ከምጣድ የወጣው ቅጠል ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ላይ ይሰጣል። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኙን ይዘው እየሮጡ የሚንቦገቦግ ፍም ላይ ያሳርፉታል፤ ሁለት ትንፋሽ ሳይሞላ ያነሡታል፤ ቅጠሉን አገላብጠው እንደገና ይመለሳሉ። ሰማንያ ጊዜ! ቅጠሉ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ዱቄት እስኪለብስ ድረስ። አንዱ ግማሽ እርምጃ ከቀደመ ሻዩ መሬት ላይ ነው። አንዱ ግማሽ ትንፋሽ ከዘገየ ሻዩ ከሰል ነው።

የቹ ዪሻንን ቅርጫት በወዲያኛው ጫፍ ሃያ ስድስት ዓመት ይዛ የሮጠችው ሱቺን ናት። መጀመሪያ እጀታው የባሏ የሹ ጓንግታይ ነበር። በሥራው መካከል የቀርከሃ ልጣጭ ረግጦ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ አርባ ቅርጫት ቅጠል ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሱቺን "እስኪመሽ ድረስ ብቻ" ብላ ያዘችው። የሹ ቁርጭምጭሚት እስከ ዛሬ ያመዋል። ካርታ ሲጫወት ብቻ ይሻለዋል።

"ታዲያ አንቺ ምንድን ነሽ?" አለች አንዷ ጎረቤት። "እሱ ወራሽ ከሆነ አንቺ ምን ልትባይ ነው?"

"እጀታ ናታ!" አለች ሌላዋ።

"ኧረ እጀታውንስ ቢሆን በሰሌዳው ላይ ያነሡታል!" አለች ሦስተኛዋ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሱቺንም ሳቀች፤ ስትናደድ መጀመሪያ የሚመጣባት ሳቅ ነው። ሁለተኛው ነገር እግሯ ነው። ገንጥላ ያልጨረሰችውን ቅጠል ግቢው ጥግ ካርታ ይዞ የተቀመጠው ባሏ ጭን ላይ ዘረገፈችና ወደ ቹ ቤት ገሰገሰች።

ቹ ዪሻን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የናሱን ሰሌዳ በእጅጌው ይወለውላል። ሲያያት ሊደብቀው ፈለገ፤ ሰሌዳው ግን የትሪ ያህል ስለነበር የት ይግባ? ጭኑ ስር አስገባውና ተቀመጠበት።

"የወንድሜ ሚስት፣ መጣሽ?" አለ፤ ዘመዷ አይደለም፣ ባሏን ወንድሜ ስለሚለው እንዲህ ነው የሚጠራት።

"ብድግ በል! ስሜን ቂጥህ ስር ልፈልገው።"

"የቅርስ ቢሮው ቅጽ ላይ እኮ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። የስም ቦታው አንድ ነው። ምን ላድርግ? ዳር ላይ ልጻፍሽ?"

"አዎ! ዳሩ ባዶ አልነበረም እንዴ?"

"ጠይቄያለሁ ስልሽ! የቢሮው ኃላፊ ሩዋን 'ጥበብ አንድ፣ ወራሽ አንድ፣ ሌላው ረዳት ነው' አለኝ። ረዳት ማለትም መጥፎ ነገር አይደለም እኮ፤ የአውቶቡስም ረዳት አለ።"

"ረዳት? ሰማንያ ጊዜ እሳት ውስጥ ስንገባ አንተ ትኬት ትቆርጣለህ፣ እኔ በር እከፍታለሁ?"

ቹ ሳቁ አመለጠው፤ ቶሎ በሳል ሸፈነው። ይህ ደግሞ ባሰባት። ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ተራ ጫማ አይደለም፤ ቹ ከእሷ በአራት ጣት ይረዝማል፤ ቅርጫቱ እንዳያዘነብል ብሎ በየጸደዩ ከአሮጌ ጎማ እየቆረጠ ጫማዋ ላይ ተጨማሪ ሶል የሚመታላት እሱ ራሱ ነው።

"ወራሽ ከሆንክ ይህንንም ውረስ!" ብላ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ወረወረችበት። "ቅዳሜ ብቻህን ሩጥ። እኔ ቁጭ ብዬ የሱፍ ፍሬ እበላለሁ።"

በካልሲ ብቻ፣ ጭቃውን እየዘለለች ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ የሁዋንሊ ዐውድማ ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ከበሮው ይደለቃል፣ ርችቱ ይንጣጣል፣ ካሜራው ይዞራል። ኃላፊ ሩዋን የተወለወለ የቆዳ ጫማውን ከጭቃ ለማዳን እንደ ሽመላ እየተራመደ ማይክሮፎኑን ያዘ፤ ከያዘም በኋላ የሚቀማው አጣ። ስለ ቅርስ ሲናገር ግማሽ ሰዓት ሞላ፤ በግማሽ ሰዓቱ ውስጥ ቅርጫት የሚል ቃል አልወጣውም። ሱቺን ከቤቷ ባመጣችው በርጩማ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ከረጢት ሙሉ የሱፍ ፍሬዋን ይዛለች፤ ለወጉ ያህል ለጎረቤቶቿም አድላለች።

"አሁን ወራሹ ጥበቡን ያሳያል! ሌላውን ጫፍ ማንም ሰው ቢይዝለት ይበቃል!"

የቹ አማች ወጣ። አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቁመቱ ከቀርከሃ ይፎካከራል። ቅርጫቱን ሲያነሡት በእሱ በኩል ሰማይ ነካ፤ ቅጠሉ ተንሸራቶ በሙሉ የቹ ደረት ላይ ሄደ።

"ፍሬን ያዝ!" አለ አንዱ ከሕዝቡ።

"ማርሽ ቀይር!" አለች ሱቺን ቅርፊቱን እየተፋች።

አማቹ ደንግጦ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቹ ወደ ፊት፤ ቅርጫቱ በመካከላቸው ተገለበጠ። ዶሮዎቹ ከየት እንደመጡ አልታወቀም፤ በዚያች ጠዋት ግን የሁዋንሊ ዶሮዎች ምርጥ ሻይ በልተዋል። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ።

"ምንም አይደለም!" አለ ኃላፊ ሩዋን። "መያዝ ብቻ እኮ ነው! እኔ እይዘዋለሁ!"

ያዘ። ሁለተኛውን ቅርጫት ይዘው እሳቱ ላይ አሳረፉት፤ እስከዚህ ድረስ መልካም። ከዚያ ኃላፊው ወደ ካሜራው ዞረና ጥርሱን አሳየ።

"አንሣ! አንሣ!" ቹ ጮኸ።

"ቆይ፣ ፎቶው..."

"ፎቶው ሳይሆን ሻዩ! አንሣ!"

"ከራባትዎን!" አለች ሱቺን። "ኃላፊ ሩዋን፣ ከራባትዎ እየበሰለ ነው!"

ጭሱ ተነሣ። ኃላፊው የከራባቱን ጫፍ በሁለት እጁ እያጨበጨበ ዘለለ፤ ቅርጫቱ በእሱ በኩል ወደቀ፤ ቅጠሉ ፍሙ ላይ ቦግ አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው አለቀሱ፤ ከበሮ መቺው ራሱ ዱላው ከእጁ ወደቀበት። ሱቺን ከሳቋ ብዛት ከበርጩማው ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ሦስተኛው ቅርጫት ሲመጣ ግን ሳቋን ትታ አንገቷን አሰገገች። የመጨረሻው ነው። የሠላሳ ቤተሰብ ቅጠል፣ የዓመቱ ምርጥ፤ ከየግቢው በአንድ ላይ የተዋጣ። ራሷ የገነጠለችውም እዚያ ውስጥ አለ። ቅጠሉ ከሽማግሌው በፊት ካለው ከትንሹ እሳት ወጥቶ በርዷል፤ አሁን ካልጋለ እርጥበት ይስባል። የእህል ዝናብ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ ካፊያውን ጀመረ። አንዲት ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አረፈች።

ቹ ዪሻን አንዱን እጀታ ይዞ ቆሟል። ማንንም አልጠራም፣ ማንንም አላየም። ሌላው እጀታ መሬት ነክቷል። ከሰሉ ከረጢት አጠገብ፣ ዝናብ እንዳይነካቸው በጋዜጣ ተሸፍነው፣ የእሷ ጫማዎች አሉ። የዘንድሮው አዲስ ሶል ተመትቶባቸዋል።

"ይህ ውሻ ሽማግሌ!" አለች። የሱፍ ፍሬው በአየር ላይ ተበተነ።

አንዱን ጫማ አጠለቀች፤ ሌላው አልገባ አላት። ተወችው! በአንድ እግር ረጅም፣ በአንድ እግር አጭር ሆና እጀታውን ጨበጠች።

"ዘገየሽ፣ የወንድሜ ሚስት።"

"ዝም ብለህ ቁጠር፣ ረዳት!"

ሄይ! ገቡ። ሄይ! ወጡ። በግራ እግሯ ስትረግጥ ቅርጫቱ ይወርዳል፤ ቹ በዚያው ቅጽበት ጉልበቱን ያጥፋል፤ በቀኟ ስትረግጥ ይቃናል፤ እሱም ይቃናል። ሁለት ጎረምሶች ሰክረው የሚጨፍሩ ይመስላል፤ ቅጠሉ ግን አንዲት እንኳ አልወደቀችም። ካፊያው ሲበረታ ሕዝቡ ጥላውን ዘርግቶ ወደ እሳቱ ተሯሯጠ፤ ቀይ ጥላ፣ አበባማ ጥላ፣ የአንዲት አሮጊት የተቀደደ ጥላ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ጣሪያ ሆነ። "ሠላሳ አንድ! ሠላሳ ሁለት!" ሦስት መቶ ሰው ይቆጥራል። ሹ ጓንግታይ ቁርጭምጭሚቱን ረስቶ እየዘለለ "ያቺ እኮ ሚስቴ ናት!" ይላል። ሱቺን ላቧ ዓይኗ ገባ፣ ፀጉሯ ተንጨባረረ፣ ጉንጯ ፍም መሰለ፤ ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ ትስቃለች። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚያምናት አልነበረም።

"ሰማንያ!"

አመዳዩ ወጣ። አረንጓዴው ላይ ነጭ፣ ስስ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው። ትኩሱን ወዲያው ሻዩ ወደሚታሸግበት ቆርቆሮ ገለበጡት፤ ክዳኑ ተበየደ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ከበሮው ዱላውን አገኘ።

ኃላፊ ሩዋን የተለበለበውን ከራባት ኪሱ ከቶ፣ የናሱን ሰሌዳ ከጠረጴዛው አነሣ። "እንግዲህ ብቸኛው ወራሽ..." ብሎ ጀመረ።

ቹ ዪሻን ሰሌዳውን ከእጁ ወሰደ። ትንፋሹ ገና አልሰከነም። ዞር ብሎ ባዶው ቅርጫት ውስጥ ጣለው፤ ናሱ ቀርከሃው ላይ ዷ አለ።

"ያዢ፣ የወንድሜ ሚስት።"

ያዘች። እሱ በወዲህ፣ እሷ በወዲያ፣ እያነከሰች፣ ሰሌዳውን በቅርጫት ተሸክመው ኃላፊው አፍንጫ ስር አቆሙት። ሱቺን በባዶ እጇ ማይክሮፎኑን ቀማችው። ማጉያው ጣሪያው ላይ ተንኮሻኮሸ።

"ኃላፊ ሩዋን፣ ሌላውን ጫፍ ማንም ሰው ሲይዘው ምን እንደሚሆን ሕዝቡ ሁሉ አይቷል፤ ከራባትዎም ያውቃል። አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ይህ ሰሌዳ የቀኙ እጀታ ነው ወይስ የግራው? ነገ በቢሮ፣ በደብዳቤ፣ በስብሰባ አይበሉኝ። ማይክሮፎኑ ይኸው። ካሜራውም በርቷል። እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይመልሱ!"