ድድ በሦስት ቋንቋ

፩

ገም። ዳሴኝ። ድድ።

፪

የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለተኛው ቼክኛ፤ ሦስተኛውን ታውቁታላችሁ። ይታይሽ አድማሱ ቃል የምታጠናው እንዲህ በሦስት ረድፍ ነው። እንግሊዝኛውን ያገኘችው ደብረ ታቦር ነርስ ሆና ስትሠራ ነው። ቼክኛውን ደግሞ እዚሁ ቼክ አገር፣ ብርኖ ከተማ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን በገባችበት ትምህርት ቤት፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ ከኮረዶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየታገለችው ነው። አማርኛውን ጻፊ ያላት የለም። ለምን ትደክሚያለሽ ሲሏት፣ ሁለት እንግዳ ያለ ባለቤት ቤት ውስጥ አይቀመጥም ትላለች።

፫

ከዝርዝሯ ውስጥ እኔ የመረጥኩላችሁ፦

ቱዝ — ዙብ — ጥርስ

ሚልክ ቱዝ — ምሌችኒ ዙብ — የወተት ጥርስ
(እዚህ ላይ ሦስቱም ተስማምተዋል። ደስ ይላል።)

ኬናይን — ሽፒቻክ — ክራንቻ

ሞላር — ስቶሊችካ — መንጋጋ
(ቼኮቹ «ትንሿ በርጩማ» ማለታቸው ነው። ይሁንላቸው።)

ድሪል — ቭርታችካ — መሰርሰሪያ
(ስሙ ራሱ ጥርስ ያማል።)

ታቱ — ቴቶቫኒ — ንቅሳት

የመጨረሻዋ ከጥርስ ጋር ምን አገናኛት እንዳትሉኝ። ወደዚያው እየሄድን ነው።

፬

ነገሩ የተነሣው ሰኞ ዕለት ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ የሌላውን አፍ እንዲመረምር ታዘዙ። ለይታይሽ የደረሰቻት ማርቲና ነበረች፤ ፊቷ ነጠብጣብ የበዛበት፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ንጹሕ የሆነ ልጅ። ማርቲና የይታይሽን የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አደረገችና እንደልማዷ ወሬዋን ልትቀጥል ስትል ዝም አለች። ከንፈሩን መለሰችው። እንደገና ገለጠችው። ከዚያ እጇን አውጥታ መምህሯን ዶክተር ክራሎቫን ጠራች።

የይታይሽ የላይኛው ድድ ጥቁር ሰማያዊ ነው።

፭

ቀጥሎ የተባባሉትን ከቼክኛ መልሼዋለሁ። አልጨመርኩበትም።

ዶክተር ክራሎቫ፦ ይሄ ጥቁረት ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይታይሽ፦ ቆይቷል።

ዶክተር ክራሎቫ፦ ከምን መጣ?

ይታይሽ፦ አላውቅም።

፮

ታውቃለች።

፯

አላውቅም ማለት ደግሞ እዳ አለው። ዶክተሯ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድድ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥቁር ነገር ሲታይ ግን ካንሰር ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል፣ ስለዚህ ሐሙስ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይመረመራል አለች። ውጤቱ እስኪመጣ ደግሞ ይታይሽ ከሌሎቹ ጋር ወደ ክሊኒክ ልምምድ አትወጣም። ልምምዱ ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል።

አንድ ቁራጭ ድድ እና አንድ ዓመት። የሚሄደው ይሄ ነው። ወይም አላውቅም ያለችውን ቃሏን ማጠፍ አለባት።

፰

አሁን እኔ የምላችሁን አድርጉ። የላይኛውን ከንፈራችሁን ከፍ አድርጉ። ከፊት ጥርሳችሁ በላይ ያለውን ሥጋ በጥፍራችሁ ጫን በሉት።

እሺ፣ ይበቃል።

ይታይሽ በአሥራ አራት ዓመቷ እዚያ ቦታ ላይ እሾህ ነው የገባባት፤ ያውም እየደጋገመ። ከእሾሁ በኋላ የኩራዝ ጥላሸት ታሸበት። ውቅራት ይባላል፤ የድድ ንቅሳት ነው። በእሷ አገር ቆንጆ የሚባሉት ሁሉ ነበራቸው። ማንም አላስገደዳትም። እንዲያውም እናቷ የልጄን ደም አላይም ብለው እምቢ ብለው ነበር፤ እህል አልቀምስም ብላ አኩርፋ፣ ጥምቀት ሳይደርስ እመት ስንዱ የተባሉት ነቃሽ ዘንድ የእናቷን እጅ ይዛ የወሰደቻቸው እሷ ናት። አለቀሰች፤ አታቋርጡ አለች። ፊቷ አብጦ ሰነበተ። እብጠቱ ሲጎድል መስታወት ፊት ቆማ ሳቀች። በጥቁሩ ድድ ሥር ጥርሷ ወተት መስሏል። በሕይወቷ ውስጥ ራሷን እንደዚያ ቀን ወዳ አታውቅም።

፱

ታዲያ ለምን ደበቀችው?

ነርስነት ልትማር ከተማ ስትገባ፣ ማደሪያ ክፍል የሚጋሯት ልጆች ስትስቅ አዩዋትና «ቀለም ጠጥታ ነው እንዴ?» ተባባሉ። ይኸው ነው። ትልቅ ነገር አልተፈጠረም፤ የደበደባት የለም፤ የሰደባት እንኳ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስትስቅ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል።

፲

ብርኖ ውስጥ ሐበሻ ሲቸግረው ጋሼ ጉግሳ ጋ ይደውላል። በደርግ ጊዜ ትራክተር ሊማሩ መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው የቀሩ ሰው ናቸው። ቼክኛቸው የአገሩን ሰው ያስንቃል። ይታይሽ ማክሰኞ ደወለችላቸውና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ጋሼ ጉግሳ፦ ቁራጩ ምን ያህል ነው?

ይታይሽ፦ የምስር ፍሬ ታህል ነው ብላኛለች።

ጋሼ ጉግሳ፦ ይቁረጡሽ።

ይታይሽ፦ ምን አሉኝ?

ጋሼ ጉግሳ፦ ይቁረጡሽ አልኩ። ይድናል። ድድ በእሾህ እንወጋለን ብለሽ ብትነግሪያቸው ግን ያ አይድንም። እነዚህን ሰዎች አርባ ዓመት አውቃቸዋለሁ። አውሬ ነው የሚሉን። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።

፲፩

እዚህ ላይ «ይታይሽ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። ያማረ መስሎኝ ነው እንጂ አላለቀሰችም።

ተናደደች።

በጋሼ ጉግሳ አይደለም። በሰኞዋ ይታይሽ ነው የተናደደችው። እናቷን እየጎተተች ነቃሽ ቤት የወሰደች ልጅ፣ አንዲት ሐኪም ከምን መጣ ብላ በቅንነት ብትጠይቃት አላውቅም ትበል? አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ነደዳት።

፲፪

ቃሉ የጠፋባት እንዳይመስላችሁ። ቴቶቫኒ። ቅድም አይታችኋል። እሾህ በቼክኛ፣ ጥላሸት በቼክኛ፣ ሁሉንም ረቡዕ ዕለት ፈልጋ አገኘች። ወጥ ቤት ቆማ፣ ሽንኩርት እያቁላላች፣ ዓረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ አለችው፣ ሃያ ጊዜ አለችው። ሽንኩርቱ አረረ። እሷ ቀጠለች።

፲፫

እንዴት እንደሚነገር (ለይታይሽ፣ ከእኔ)፦

ወንበሩ ላይ ሳትተኚ ተናገሪ። ከተኛሽ በኋላ አፍሽ በእነሱ እጅ ነው።

«ይቅርታ» ብለሽ አትጀምሪ።

እጅሽን…

እጅሽን ከአፍሽ አውርጂ።

፲፬

ሐሙስ ጧት ተማሪው ሁሉ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። የማደንዘዣው መርፌና ምላጩ ሰሃን ላይ ተደርድረዋል። ይታይሽ ወንበሩ ጋ ደረሰች፤ አልተኛችም።

«ሰኞ ዋሽቻለሁ» አለች። «በሽታ አይደለም። በአሥራ አራት ዓመቴ በእሾህና በጥላሸት ያስወቀርኩት ነው። በልመናዬ ነው የተሠራልኝ። ጌጤ ነው።»

ኮረዶቹ ተያዩ። ዶክተር ክራሎቫ አልተቆጣችም፤ አልሳቀችምም። አሁን የምትይውን ባምን ደስ ይለኛል፣ ሰኞም ግን አላውቅም ያልሽኝ አንቺው ነሽ አለቻት። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ተሳስታ ብትተወውና ካንሰር ሆኖ ቢገኝ የምትሞተው ይታይሽ ናት። እውነቷን ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

ከዚያ ዶክተሯ ከንፈር የሚገልጠውን መሣሪያ አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው። ቁጭ በይ አለቻት።

«ሳቂልኝ።»

፲፭

ይታይሽ እጇ ሊነሣ ሲል ያዘችውና ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችበት።

ታዘህ ሳቅ ሲሉህ ግን ሳቅ ከየት ይመጣል? ከንፈሯን ዘረጋች፤ የሚያለቅስ ሰው ፊት ሆነ። እንደገና ሞከረች። ባሰ።

ያን ጊዜ ማርቲና፣ ሰኞ ዕለት ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው እሷ ስለሆነች፣ አላስችል ብሏት ተነፈሰች። እኔም ንቅሳት አለኝ አለች። ጃርት ነው። እናቴ አላየችውም። ያለበት ቦታ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ የሚገለጥ አይደለም።

ይታይሽ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ፣ መስታወቱ ፊት እንደሳቀችው ሳቀች።

፲፮

ዶክተር ክራሎቫ ጎንበስ ብላ አየች። ጥቁሩ ሰማያዊ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ተስተካክሎ ተሰምሯል፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ሳቋ በሚያልቅበት እሱም ያልቃል። አንድም ነጠብጣብ ወደ ጉንጯ አላለፈም። ለረጅም ጊዜ አየች።

«በሽታ ሳቅ የት እንደሚያልቅ አያውቅም» አለችና ሰሃኑን አስነሣች። ይታይሽ ሰኞ ከሌሎቹ ጋር ወደ ክሊኒክ እንደምትወጣ እዚያው ፈርማ ሰጠቻት።

፲፯

ደህና ጸሐፊ እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔም አስቤው ነበር። ግን ስልክ ተደወለ።

ጋሼ ጉግሳ፦ ቆረጡሽ?

ይታይሽ፦ አልቆረጡኝም፣ ጋሼ።

ጋሼ ጉግሳ፦ ምን ብለሽ ተረፍሽ?

ይታይሽ፦ እውነቱን ነገርኳቸው።

ጋሼ ጉግሳ፦

 

ይታይሽ፦ ጋሼ? አሉ?

ጋሼ ጉግሳ፦ አለሁ። እናቴም ውቅራት ነበራት።

፲፰

ሳሎናቸው ውስጥ የእናታቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ አሮጊቷ ጥቁር ድዳቸው እስኪታይ ስቀዋል። ሴት ልጃቸው ሕፃን ሳለች አንድ ቀን ፎቶውን ትክ ብላ አይታ፣ አያቴ አፏን ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ጉግሳ ታማ ነበር አሏት። ልጅቱ አመነች። አሁን ራሷ የልጆች እናት ናት፤ እስከ ዛሬ አያቷ በሽተኛ እንደነበሩ ነው የምታውቀው።

እሑድ ለምሳ ትመጣለች።

ይህን ለይታይሽ የነገሯት ራሳቸው ጋሼ ጉግሳ ናቸው። አርባ ዓመት ቼክኛ ተናግሬያለሁ፣ ይህቺን ግን ተናግሬያት አላውቅም አሉ። እንዴት ነው ያልሻት?

ይታይሽ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ወዲያ ማዶ የወንበር ድምፅ ተሰማ፤ ሰውየው ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆመዋል መሰለኝ።

«በሉ እስቲ እርስዎ ይበሉት» አለቻቸው።

፲፱

ጋሼ ጉግሳ፦ ታማ አልነበረም፤ ቴቶቫኒ ነው።