እባክዎ ይጠንቀቁ

ያንሩ ቪዲዮውን አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አቁማ ትንሽ ወደ ኋላ መለሰችው። በግራው ዓምድ ልጁ የተናገረውን ትጽፋለች፤ በቀኙ እጁ ያደረገውን። በቻይናዋ ላንዡ ከተማ፣ የሕፃናትን ንግግር ለሚያጠና አንድ የምርምር ክፍል ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የስንቱን የሁለት ዓመት ልጅ አፍና እጅ እንዲህ መዝግባለች። አንዷ "ስጪኝ" ብላ ኳሱን ትጠቁማለች፤ ሌላው "አባባ" ብሎ በር ሥር ያለውን ጫማ ያሳያል። በዚህ ዕድሜ ወሬው ግማሹ በአፍ፣ ግማሹ በጣት ነው።

ዛሬ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የራሷ ልጅ ነው፤ ሚሊ፣ ሁለት ዓመት ከሁለት ወሩ። ከጥናቱ አንድ ቤተሰብ ስለቀረ፣ ቦታውን ለመሙላት ባለፈው እሑድ ከአያቱ ጋር ሲጫወት ራሷ ቀርጻው ነበር።

አማቷ፣ የሚሊ አያት፣ አጠገቧ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ።

"ድምፁን ከፍ አድርጊው እንጂ! አሁን ነው የሚናገረው።"

ሚሊ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ ማንንም ሳያይ፣ ጥርት ባለ አንደበት፣ "ወደ ኋላ እየነዳሁ ነው፣ እባክዎ ይጠንቀቁ" አለ። ከሕንፃው በታች ዕቃ የሚያራግፉት መኪኖች ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚለፍፉት የተቀዳ ማስጠንቀቂያ ነው።

"ሰማሽ? አንዱንም ቃና ሳያዛባ! የጎረቤታችን የነፌንግ ልጅ ሦስት ዓመቷ፣ እስካሁን 'እማ' ልትል 'ፈረስ' ትላለች።" በቻይንኛ ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው የድምፁ ቃና ብቻ ነው።

"መኪናው የሚለውን እኮ ነው፣ እማ።"

"አንቺስ ከሰማሽው አይደል የተማርሽው? ባልሽ ሦስት ዓመት እስኪሞላው አፉን አልከፈተም። ይኸው ዛሬ ዝም የሚያሰኘው ጠፋ።"

ያንሩ በግራው ዓምድ የመኪናውን ንግግር ጻፈች። የሚሊ እጆች ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። በቀኙ ዓምድ "የለም" ብላ ጻፈች፤ ከላይ እስከ ታች እንዳለው ሁሉ።

አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሚሊ የአያቱን አንጓ ይዞ፣ ፊታቸውን ሳያይ፣ እጃቸውን እንደ መክፈቻ የቴምሩ ማሰሮ ክዳን ላይ ጫነው።

"ይኸውልሽ እጁ! ክፈቺልኝ ማለቱ ነው፤ ጻፊው።"

"አልጠቆመም፣ እማ። እርስዎንም አላየም።"

"ምን ሊያደርግ ይጠቁማል? ገና ሳይጠይቀኝ ነው የምሰጠው።" ከዚያ የአማቷ ጣቶች ባቄላው ላይ ቆሙ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት ማለትሽ ነው?"

"ኧረ እማ፣ ማንም አላበላሸውም።"

ማንም አላበላሸውም ስትል፣ አንድ ነገር መበላሸቱን ሁለቱም ሰሙ።

ሚሊ ራሱ እግራቸው ሥር፣ ምንጣፉ ላይ የባቄላውን ቅርፊት ጫፍ ለጫፍ እየገጠመ ይደረድራል። "ሚሊ" አለችው። "ሚሊዬ።" ሦስተኛውን ተንበርክካ፣ ጆሮው ሥር ጠራችው፤ በመስኮቱ አሻግራም ጣራው ላይ ያሉትን ርግቦች በጣቷ አሳየችው። የጣቷን ጫፍ አየ። ጥፍሯን በደንብ አየው። ወደ ርግቦቹ ዓይኑን አልላከም።

"ወደ ኋላ እየነዳሁ ነው" አለ ለቅርፊቶቹ፣ "እባክዎ ይጠንቀቁ።"

"እሺ ጌታዬ" አሉ አያቱ፣ ሁልጊዜ እንደሚመልሱለት። "ተጠንቅቀናል።" ድምፃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ፤ ፊታቸውን ወደ ሳህኑ አዞሩ።

ያንሩ ተመልሳ ተቀመጠች። የቀሩትን አሥራ አንድ ደቂቃዎች አንድም ሰከንድ ሳትዘል ጨረሰች። ቅጹ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ልጁ በዕድሜው የሚጠበቀውን ዕድገት ያሳያል ወይ ይላል። አላሳየም የተባለ ልጅ ከጥናቱ ይወጣል። በሌሎቹ ልጆች ቅጽ ሁሉ እዚህ ጋ ስትደርስ፣ ሳታነበው "አዎ" ብላ ታልፈው ነበር።

"አለቀ?" አሉ አማቷ ሳይዞሩ።

"አለቀ፣ እማ።"

"አይ" የሚለውን ተጫነች። ቀኑንና ስሟን ሞላች፣ ላፕቶፑን ከድና ወደ መደርደሪያው መለሰችው።