የጣራው መስኮት

ስቴንቮር በፋሻ የታሰረ ትከሻዋን ደግፋ ቲማቲም ወደምታለማበት የመስታወት ቤቷ ስትገባ ብርዱ ፊቷን መታት። እዚያ ቤት ብርድ ገብቶ አያውቅም ነበር። ከመሬት የሚወጣው ፍል ውሃ በቧንቧ እየዞረ፣ ውጭ በረዶ ቢከመርም ቲማቲሟ ዓመቱን ሙሉ ሲቀላ ኖሯል። አሁን ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ቀና ስትል የጣራው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ኦርማር!»

ታናሽ ወንድሟ እየሮጠ መጣ። ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ስትተኛ ቤቱን የተወችው ለእሱ ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ሥራ ከልክሏታል፤ የሚረከባት ካጣች መዝጋቷ ነው። ከኦርማር በቀር ደግሞ እሺ ያላት የለም።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ሙቀቱ አፈነኝና ከፈትኩት፤ ከዚያ ረሳሁት። ነፋሱም ተነሣ።»

«የቧንቧውን ፍል ውሃ አትቀንሰውም ነበር?»

«ማን ቧንቧ ይቀንሳል ስቴንቮር? ሲሞቅ መስኮት ነዋ የሚከፈተው! አንቺስ መኝታ ቤትሽን በምን ታቀዘቅዢዋለሽ?»

ደሟ ፈላ። በዚህ አገር ፍል ውሃ የሚቆጥብ የለም፤ እሷም ማሞቂያዋን ሳትነካ መስኮት ከፍታ ነው የምትተኛው። እውነቱን መናገሩ የባሰ አናደዳት።

«እኔ ቲማቲም ነኝ እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ? እኔ ብርድ ልብስ አለኝ! አበባውን ፍሬ የሚያሲዙት ንቦቼስ?»

«በመስኮቱ ወጥተው በረዶው ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። በመዳፌ ባሞቃቸው አልነቃ አሉ።»

«ውጣልኝ! ሂድ ወደ ከተማህ፣ ወደ ሬይክያቪክህ!»

ኦርማር መስኮቱን ዘጋና አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ አመራ። እሷ በደህና እጇ ቢላዋ አንሥታ በገመድ ወደ ጣራው ከተሳቡት የሞቱ ግንዶች የመጀመሪያውን ቆረጠች። ግንዱ ከነፍሬው ትከሻዋ ላይ ሲወድቅባት ጮኸች። እሱ በሩ ላይ ቆመ፤ ለመጠጋት ግን ፈራ። ስቴንቮር ሐኪሙንም፣ ትከሻዋንም፣ ነፋሱንም ረገመች። ከሁሉም የጠላችው ግን ይህ ሰው እንደሚያስፈልጋት ማወቋን ነበር። ቢላዋውን እግሩ ሥር ወረወረችው።

«ምን ገተረህ? ከሥሩ ቁረጥ! ስትጨርስ ወለሉን ታጥባለህ፤ ከዚያ አዲስ ችግኝ እንተክላለን።»

«አባረርሽኝ እኮ።»

«አሁንም አባርሬሃለሁ» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ሌላ ሰው እስካገኝ ቁረጥ። ሌላ ሰው ደግሞ የለኝም።»