የአሥራ ሁለቱ መስመሮች ባለቤት

መልእክቱ የገባው ቅዳሜ ጠዋት፣ የወንድሟ ሚስት የመታጠቢያ ቤቱን በር በጡጫ እየነረተች «ሽቦ! እዚያው ልትከርሚ ነው? በዚህ ቤት ሌላም ሰው አለ'ኮ!» በምትልበት ሰዓት ነው። ስልኳ ላይ ብቅ ያለው የመልእክቱ መጀመሪያ ብቻ ነበር። ላኪው «ጉንዳን» ይላል። ቀጥሎ፦ «ዛሬ እኔም እመጣለሁ። ስለ አሥራ ሁለቱ መስመሮች ከመናገርሽ በፊት ግን...» የቀረው ተቆርጧል። ሙሉውን ለማንበብ መክፈት ያስፈልጋል፤ ከከፈተችው ደግሞ ላኪው መነበቡን ያውቃል።

አልከፈተችውም። ስልኩን ልብስ መስቀያው ላይ ባለው ሹራብ ኪስ ከተተችና ፊቷን ለሁለተኛ ጊዜ ታጠበች።

ሽቦ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ቅጥነቷን አይቶ ታላቅ ወንድሟ በልጅነቷ ያወጣላት ነው፤ አሁን ሠላሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ሲቀራትም ቤተሰቡ ሌላ ስም ያላት አይመስለውም። ቀን ቀን የሰው ስልክ ትጠግናለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ሳሎኑ ጥግ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «ባለተራ» የሚባል ፕሮግራም ትሠራለች። ባለተራ ክሊኒክ ለመጣ ሰው የወረፋ ቁጥር ያትምለታል፣ ተራው ሲደርስ ይጠራዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል፣ ማንም ጉድለት ካየ ማስተካከያ ጽፎ ይልክላታል። ሙያተኞቹ ክፍት ምንጭ ይሉታል። የወንድሟ ሚስት ግን «ያ በነጻ የምትለፊለት ነገርሽ» ነው የምትለው፤ ክፋት ኖሯት ሳይሆን የሳሎኑ ሶፋ የሽቦ አልጋ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱን ስለያዘ ነው።

በክፍት ምንጭ ሠፈር ደመወዝ የለም። ያለው ስም ነው። እያንዳንዷ መስመር ማን እንደጻፋት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደጻፋት በለውጥ መዝገቡ ላይ ሰፍሮ ይኖራል። የሰው መስመር ወስዶ በራስ ስም ማስፈር በዚያ ሠፈር ከሌብነት የሚቆጠር ነው። ሽቦ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ለአዲስ ገቢዎች በራሷ እጅ የጻፈችው መመሪያ ላይም አለ።

ግን አደረገችው። ባለፈው ዓመት ነው። በአንድ ክሊኒክ ሁለት መስኮት ላይ ቁልፉ በአንድ ቅጽበት ሲጫን ለሁለት ሰው አንድ ቁጥር እየወጣ ወረፋው ጠብ በጠብ ሆነ። የክሊኒኩ ኃላፊ በየሰዓቱ እየደወለ ጆሮዋን አደነቆራት። እሷ ሁለት ሳምንት ተብሰልስላ መላ ያጣችለትን ችግር «ጉንዳን» የሚባል የማታውቀው ሰው በአሥራ ሁለት መስመር ፈትቶ ላከላት። በመሐል ፋይሉን ስለቀያየረችው የጉንዳን ማስተካከያ እንዳለ አልገባ አላት። ጊዜ አልነበራትም፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ በእጇ ገልብጣ በራሷ ስም አስገባችና ለጉንዳን «አመሰግናለሁ፣ ተስተካክሏል» ብላ ዘጋችው። ስሙን ነገ እጨምራለሁ አለች። ነገ ሄደ፣ ወር ሄደ። ከዚያ ሰው ማመስገን ጀመረ፤ ከተመሰገኑ በኋላ ማረም ደግሞ እንዴት እንደሚያስፈራ የደረሰበት ያውቀዋል።

ይባስ ብሎ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት አንድ ሥራ አስኪያጅ ጻፉላት። ለሆስፒታሎች የወረፋ ማሽን የሚሸጥ ድርጅት ይመራሉ። «ሥራሽን አይቻለሁ። በተለይ ያቺን አሥራ ሁለት መስመር የጻፈ እጅ ተራ እጅ አይደለም። ቅዳሜ ስትናገሪ መጥቼ አዳምጥሻለሁ፤ ከዚያ ስለ ሥራ እንነጋገራለን» ይላል ጽሑፋቸው። የወንድሟ ሚስት ይህን ስትሰማ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ «እሰይ! እሰይ የኔ ሽቦ!» አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ስለ ቅዳሜ ያወራል። ሽቦ ብቻ ስለ ቅዳሜ ሲነሣ ወሬ ትቀይራለች።

ስብሰባው የሚካሄደው አንድ ማሠልጠኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ሦስት ተኩል ስትደርስ ሰብሳቢው ወንበር እየደረደረ ነበር። በጎ ፈቃደኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ገመድ መጥፋቱ አይቀርም፤ የዛሬው የፕሮጀክተሩ ነው። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተለጣፊ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል። ደንቡ ነው፤ የገባ ሁሉ በኢንተርኔት የሚታወቅበትን ስም ጽፎ ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ሽቦ ስሟን ጻፈችና ዞር ብላ ደረት ማንበብ ጀመረች። «ዝናብ ቆጣሪ»፣ «ቁልፍ ሰባሪ»፣ «የእንትና ባል» የሚል ቀልደኛም አለ። ጉንዳን የለም።

ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ አንዲት አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ተከተለቻት። ደረቷ ላይ ተለጣፊ የለም፤ የድርጅት ባጅ ነው ያንጠለጠለችው።

«እህቴ፣ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ጊዜ ላናግርሽ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቆይ፣ ገመድ ጠፍቶ...» ብላ ሽቦ በሴትየዋ ትከሻ አሻግራ በሩን አየች። በዚያው ቅጽበት ሥራ አስኪያጁ ገቡ። ሴትየዋ ብርጭቆዋን ቶሎ አስቀምጣ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ሽቦ ልብ አላለችም። ልቧ ያለው ሌላ ጋ ነው፤ አንድ ፂማም ሰውዬ ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ተለጣፊ አልለጠፈም፣ ላፕቶፕ አልያዘም፣ ፈገግ አይልም። እሱ ነው አለች በሆዷ። ጉንዳን ማለት እሱ ነው፤ ሊያጋልጠኝ ነው ፊት የተቀመጠው።

ገመዱ ተገኝቶ ንግግሯን ጀመረች። ስላይዷ እጇ ላይ ካለው ማስታወሻ ጋር ተዛነፈባት፤ «ወረፋ» ለማለት «ወፍ» አለች፣ ጥቂቶች ሳቁ። ሰብሳቢው አውራ ጣቱን ቀስሮ አይዞሽ አላት። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በትኩረት ያዳምጣሉ። ፂማሙ ሰውዬ ግን ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ሰዓቱን ያያል፣ እንደገና እሷን ያያል።  ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ሁለት ጊዜ ሲርገበገብ ጭኗ ላይ ተሰማት።

ስለ መንታው ቁጥር የሚያወራው ስላይድ ላይ ስትደርስ ፂማሙ እጁን አነሣ።

 እሱ ከሚናገረው እኔው ልናገር አለች። ኋላ ራሷን ስትጠይቅ ይህችን ሐሳብ ደጋግማ አስታውሳታለች፤ ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ ሌላ ሰው አልነበረም፣ ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብቻ ነበር።

«አንድ ጊዜ፣ ይቅርታ፣ ጥያቄውን ከመቀበሌ በፊት» አለች። «እነዚህን አሥራ ሁለት መስመሮች የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ሰርቄያቸው ነው።»

 የለውጥ መዝገቡን ከፍታ የተዘጋውን የጉንዳን ማስተካከያ እንዳለ ግድግዳው ላይ አወጣችው፤ ስሙ፣ መስመሮቹ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። እንዴት እንደገለበጠችው፣ እንዴት እንደዘገየች፣ እንዴት እንደፈራች ምንም ሳታስቀር ተናገረች። «ባለቤቱ ጉንዳን ነው። እዚህ ካለ እጁን ያንሣና ፊታችሁ ይቅርታ ልጠይቀው።»

ማንም እጁን አላነሣም። ፂማሙ እንኳ አውርዶታል።

«እርስዎ አይደሉም?» አለችው።

«እኔ?» አለ ሰውዬው ግራ ገብቶት። «እኔ የሕንፃው ጥበቃ ነኝ። ስንት ሰዓት እንደምትወጡ ልጠይቅ ነው፤ በስድስት ሰዓት ቆልፌ ቀብር አለብኝ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከሳቁ በኋላ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሁሉም ተከተለው። ሥራ አስኪያጁም ቆመው ነው ያጨበጨቡት። «ልጄ፣ ጎበዝ» አሉ። «ይቺ በሽታ እኛንም አሰቃይታን ነበር፤ ባለፈው ዓመት ነው መድኃኒት ያገኘንላት። እስቲ ያን ገጽ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ፤ ቀኑን ልየው።» ሽቦ በደስታ ከፍ አደረገችላቸው። ከስንት ወር በኋላ ዛሬ ገና ትከሻዋ ቀለላት። ለሥራውም ቢሆን ግድ አልነበራትም፤ ቢቀርም ይቅር ብላለች።

ስብሰባው ሲያበቃ ላፕቶፗን እንደተሰካ ትታ ወደ ደረጃው ወጣች። አሁን አያስፈራም ብላ ስልኳን አወጣች። መልእክቱን ከፈተችው።

«ዛሬ እኔም እመጣለሁ። ስለ አሥራ ሁለቱ መስመሮች ከመናገርሽ በፊት ግን አንድ አደራ አለኝ፤ ስሜን እንዳታነሺ። ልጄን ያሳከምኩበት ክሊኒክ ያንቺን ፕሮግራም ነው የሚጠቀመው። የእኔና የአንዲት እናት ቁጥር አንድ ሆኖ፣ የታመመ ልጅ ታቅፈን ተሰዳደብን። ቢሮዬ ስገባ እጄ አላረፈልኝም። ለድርጅቱ ማሽን የጻፍኩትን መድኃኒት ላንቺም ላክሁልሽ፤ በሥራ ሰዓት የምጽፈው ሁሉ የድርጅቱ እንደሆነ ፈርሜ ሳለ። በራስሽ ስም ስታስገቢው ማመን ነው ያቃተኝ፤ ገብቷት ሸሸገችልኝ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ዛሬ አለቃዬ እኛንም ይዞን ይመጣል። አደራ።»

ከሥር ሌሎች ሁለት መልእክቶች ነበሩ። ኪሷ ውስጥ ሲርገበገቡ የነበሩት ናቸው። «ውሃው ጋ አላናገርሽኝም። መልእክቴን አየሽው?» ይላል አንደኛው። ሁለተኛው «እባክሽ» ብቻ ነው።

 ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ተመለሰች።

ሥራ አስኪያጁ ባዶው አዳራሽ መሐል ብቻቸውን ቆመው ግድግዳውን ያነባሉ። «ማክሰኞ» አሉ ለራሳቸው። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ።» ሽቦ ሮጣ ገመዱን ነቀለችው፤ ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ።

«ግድ የለም፣ አይቼዋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በመሐረብ ጠረጉት። «የኛው ነው። የፊደል ለውጥ እንኳ የለውም። እኛ ቤት ይህን የጻፈች ሰው አንድ ናት።» ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ። «አንቺ ግን ሐቀኛ ነሽ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ነይ።»

«ቦታ አለ እንዴ?» አለች ገመዱን እንደያዘች።

«ይኖራል።»

«ጌታዬ፣ ያ ቦታ ሰው አለበት'ኮ። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ልጇ ታሞ፣ ለክሊኒኩ ብላ...»

«እስከ ሰኞ አለበት» አሉና ካርዳቸውን ላፕቶፗ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ሴትየዋ ከኋለኛው በር አጠገብ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ክሩን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች። ሽቦ ይቅርታ ልትል ወደ እሷ ሄደች፤ ስትደርስ ግን ቀድማ የተናገረችው ሴትየዋ ናት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የምር ማወቅ የፈለገች ሰው ድምፅ ነው።

«ለኔ ብለሽ ነው የተናገርሽው?»

ሽቦ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን የተናገረችው ፂማሙን ፈርታ፣ ለራሷ ብላ ነበር፤ ሁሉም ያጨበጨበለት ያ ሐቀኝነቷ አሁንም አልለቀቃት ይሆን፣ ቃሉ አልወጣ አላት። ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨለ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ልቆልፍ ነው፣ ውጡ» አላቸው።