ሙዜየቭ የሚባለው ሰው

ሐረገወይን ያን ስም መጀመሪያ የሰማችው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ቆማ ነው። ባሏ ኅሩይ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልክ ሩሲያኛ ያወራል። ዱሮ ሌኒንግራድ ሲማር የለመደው ቋንቋ ነው፤ እሷ አንዲት ቃል አታውቅም። «ሙዜየቭ» ሲል ሰማች። ቆየት ብሎ ደግሞ «ሙዜየቭ»።

«ማነው ሙዜየቭ?» አለችው ሲወጣ።

«ማን?» አለና ፊቱን በፎጣ ሸፈነ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የኖረ ሰው፣ ስም ሲደበቅበት ምን ምን እንደሚያስብ እናንተም ሳትሰሙ አትቀሩም። ያውም የሩሲያ ስም፣ ያውም በዚህ በጦርነት ጊዜ! ደግሞ ኅሩይ ልቡን ኦፕራሲዮን ሆኖ የተነሳው በቅርቡ ነው። ሥራ የሚባል ነገር ላይነካ ለሚስቱ ቃል ገብቷል። ታዲያ ይኼ ሰውዬ ምን ውስጥ ሊከተው ነው?

ቅዳሜ ዕለት አውሮፓ ውስጥ ካሩዥ ከተማ ካለው ቤታቸው ሲወጣ፣ «አስፋ አሞታል፤ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ሄጄ አድሬ እመጣለሁ» አላት።

የታመመ ለመጠየቅ ከረባት? ሐረገወይን ሸኘችውና በሚቀጥለው ባቡር ተከተለች።

ዲቲኮን ደርሳ የበሩን ደወል ስትደውል የባሏ ወዳጅ አስፋ ራሱ ከፈተ፤ የበግ አጥንት እየጋጠ።

«እትዬ ሐረገ!»

«ምንህን ነው ያመመህ?»

«እ... ወገቤን።»

«ጥርስህስ ደህና ነው፣ ተመስገን። ኅሩይ የት አለ?»

አስፋ መዋሸት አይሆንለትም። ኮቱን ደርቦ ዙሪክ ይዟት ሄደ፤ መንገዱን ሙሉ ግን «እኔ የነገርኩሽ ነገር የለም» ይላል።

ያን ምሽት የከተማው ሙዚየሞች እስከ ውድቅት የሚከፈቱበት ነበር። ከአንዱ ደጃፍ ኅሩይ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ፣ ሩሲያኛ የሚያወሩ ሰዎች አስከትሎ ቆሟል። ግንባሩን አልቦታል።

«የቱ ነው ሙዜየቭ?» አለች መሀላቸው ገብታ።

ኅሩይ ክው አለ፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። «ሰው አይደለም እኮ! ‹ኖች ሙዜየቭ› የሙዚየሞች ሌሊት ማለት ነው። ከተማውን እያስጎበኘኋቸው ነው።»

«ሰውየው ባይኖርም ውሸቱ አለ።»

ሳቁ ጠፋ። «ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር። ሐረጌ፣ ቤት ተቀምጬ የልቤን ምት ስቆጥር ከምውል...»

ሐረገወይን መሀረብ አውጥታ የግንባሩን ላብ ጠረገችለት። እሱ ወደ እንግዶቹ ዞሮ አንድ ነገር አላቸው፤ ሁሉም ሳቁ።

«ምን አልካቸው?»

«አለቃዬ መጣች አልኳቸው።»

«ብቻ?»

«በእናቴ!»

ሐረገወይን አንድ በአንድ ገላመጠቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባችና ሙዚየሙ ለአዛውንት የሚያውሰውን ታጣፊ ወንበር ይዛ ወጣች።

«ቁጭ ብለህ ታስረዳለህ። ስልክ የምታወራውም ከዛሬ ጀምሮ ሳሎን ነው፤ እኔ ፊት።»

ጃንጥላውን ከእጁ ወስዳ ከፍ አደረገችው። እንግዶቹም ምን እንደተባባሉ ባያውቁም፣ ተከትለዋት ገቡ።