ወገቡ የሚታጠፍ ትራክተር

እኔ ፍሬ ስብሐት ነገር ቶሎ የሚያሞቀኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ሳትጣድ ትፈላለህ» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። ጥር ላይ ለማኅበራችን ትራክተር ለመምረጥ ባሕር ዳር ሄጄ፣ አስመጪው ግቢ ውስጥ አንድ ቀይ ግዙፍ ትራክተር ከወገቡ ሲታጠፍ ባየሁ ጊዜ፣ ከዚያ እስከ መናኸሪያው ብቻዬን እያወራሁ ነው የሄድሁት። ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ይየኝ።

እስከዚያ ቀን የማውቀው ትራክተር ሁሉ አዟዟሩ እንደ መኪና ነው። መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ ብቻ ይዞራሉ፣ አካሉ ግትር ነው። ቀዩ ግን ሌላ ነው። አራቱም ጎማዎቹ እኩል ትልልቅ ናቸው፤ ወደ ጎን የሚዞር አንድም ጎማ የለውም። መሪውን ስታዞረው ትራክተሩ ራሱ መሐሉ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ፊቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ኋላው ይከተለዋል። ይኸን ያየ ሰው ዝም ብሎ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ይችላል? እኔ አልቻልሁም። ሐሙሲት እስክደርስ አጠገቤ ለተቀመጠው መንገደኛ በሁለት እጄ እያጠፍሁ አስረዳሁት፤ እሱ ግን ከመውረጃው በፊት የወረደ ይመስለኛል።

ከሐሙሲት ወደ ጣና ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሜዳ አርባ አንድ ገበሬዎች ነን። ማሳችንን ኩታ ገጠም አድርገን በአንድ ትራክተር ልናርስ ተነጋግረናል፤ ሊቀ መንበሩም እኔ ነኝ። አስመጪው ደግሞ ሁሉም ካልፈረመ አንድ ጎማ አላስቀርላችሁም ብሏል። አርባችን ፈርመናል። የቀሩት እትየ የሺአረግ ብቻ ነበሩ።

የቀሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። የእርሳቸው መሬት ያለው ከሜዳው ጫፍ፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ነው። ትራክተር አንዱን ትልም ጨርሶ ወደ ሌላው ለመመለስ የሚዞረው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በቀር መዞሪያ የለም። እርሳቸው ደግሞ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ቦዩ ዳር ባለችው ሽንኩርት ነው። በስብሰባው መሐል ተነሥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ይኸ ትራክተር ሲዞር ከመሬቴ ስንት ይበላብኛል?»

ማንም አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። ግን ቀዩ ትራክተር ዓይኔ ላይ አለ፣ ስሜቴም ሞቋል፣ ተነሣሁና «አሥራ ሁለት እርምጃ! ከዚያ አንዲት እርምጃ ካለፈ፣ ያለፈውን ከራሴ መሬት ቆርጬ እሰጥዎታለሁ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አልሁ። የእኔ መሬት ከእርሳቸው ጋር ጎን ለጎን ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትየ የሺአረግ አላጨበጨቡም። «እናያለን» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። በማግስቱ ከትልሙ ጫፍ ጀምረው አሥራ ሁለት እርምጃ ለኩና ችካል ተከሉ። ሽንኩርቱ የሚጀምረው ከችካሉ ወዲያ ነው።

አስመጪው ሁለቱንም ትራክተሮች፣ የፊት ጎማው የሚዞረውን አረንጓዴና ወገቡ የሚታጠፈውን ቀይ፣ በሎቤድ፣ በዚያ ዝቅ ባለው ረጅም የጭነት መኪና፣ ጭኖ መጋቢት ላይ አመጣልን። አንድ ቀን ሞክረን አንዱን እንድናስቀር፣ ሌላው በማግስቱ ወደ ቆላ ድባ እንዲሄድ ነው ውሉ። ካልወሰንን ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ተራችን ለከርሞ ይተላለፋል። ቀኑን የቆረጡት እነሱ ናቸው። መጋቢት አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል መሆኑን አላዩትም።

እኛ በሚካኤል አናርስም፣ ምድር አንወጋም። ገበሬው ነጠላውን ለብሶ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ሎቤዱን ከቦ ቆመ። ሙከራውን እንዲፈቅዱልን የደብራችንን መሪጌታ መርስዔ ኀዘንን ሄጄ ለመንሁ። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ፣ «ምድር ሳይወጋ መንዳት መንገድ መሄድ ነው። ይዙር። ማረሻው ግን ይፈታ፤ ከአስፋልቱ ላይ የሚያየን ሰው በሚካኤል አረሱ እንዳይል» አሉ።

ማረሻው ተፈቶ ሜዳው ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠ። መንዳቱ ከባሕር ዳር አብራ የመጣችው የዘይነት ነው። ዘይነት የወረታው ጨርቅ ነጋዴ የሙሀመድየሱፍ ልጅ ናት፤ አባቷ ሱቅ ትቀመጣለች ሲሉ እሷ ባሕር ዳር ገብታ የከባድ መሣሪያ ትምህርት ጨርሳ ወጣች። ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና በሁለት እርምጃ ከአረንጓዴው ትራክተር ጋቢና ገባች።

ዱካው እንዲታይ መዞሪያው ላይ አመድ በተንን። አረንጓዴው ወደ ቦዩ መጣ፣ የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ተጣመሙ፣ ሰፊ ዙር ሠርቶ ተመለሰ። መሪጌታ ዱካውን ተከትለው በእርምጃ ለኩ። «አሥራ አምስት።» ሦስት እርምጃ ሽንኩርት ተደፍጥጧል። ዱካው ደግሞ አራት መስመር ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን አይከተሉም፣ ወደ ውስጥ ያቋርጣሉ።

«የተረገጠውን አስመጪው ይክሳል፤ ይኸ ግን ጥፋቱ የትራክተሩ አይደለም» አለች ዘይነት ከላይ ሆና። «አረንጓዴው በመስመር ለተዘራ እህል የሚስተካከለው የለም። መሪውን በጣት ቢነኩት ይታዘዛል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መዞሪያ ግን ሰፊ ይፈልጋል።»

ከዚያ ወደ ቀዩ ተሻገረች። እኔ መቆም አልቻልሁም፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እሄዳለሁ። ቀዩ እያጓራ መጣ፣ መዞሪያው ላይ ደረሰ፣ ሊያልፍ ነው ስንል ከወገቡ ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፊቱ ቦዩን ይዞ ሲዞር ኋላው በዚያው ዱካ ላይ እግር በእግር ተከተለው፤ አራት ጎማ ሄዶ አመዱ ላይ የቀረው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ዋልካ፣ ጥቁሩን ጭቃ መሬት፣ የሚያርስ ሰው ይኸ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ጎማ የረገጠው ዋልካ ጡብ ይሆናልና፣ የተረገጠው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

«አሥር» አሉ መሪጌታ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። አንዱ አቀፈኝ፣ አንዱ ትከሻዬን መታኝ፣ እኔም ማንን እንዳቀፍሁ አላውቅም። አሥር! ሁለት እርምጃ ተርፏል! ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ወደ እትየ የሺአረግ ሮጥሁ።

እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። ወደ ሾላው ነበር የሚያዩት። «ማረሻውስ?» አሉ።

«ማረሻው ምን ሆነ?»

«ያለ ማረሻ ልታርስ ነው እንዴ የምትገዛው? በሬ ድንበር ላይ ሲዞር ድንበር የሚያፈርሰው በሬው አይደለም፣ ከኋላው ያለው ነው። ጅራቱን ቆርጣችሁ ለካችሁና አሥር አላችሁ።»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ፤ ማረሻ ፍቱ ያሉት እሳቸው ናቸውና። እኔ ወደ ዘይነት አየሁ፣ ዘይነት ወደ መሬት አየች። «ልክ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነበርሁ ይኸን ቀድሜ መናገር የነበረብኝ። በዓላችሁን እንዳልነካ ስጠነቀቅ ረሳሁት።»

መሪጌታ አሁን ብዙ አላሰቡም። «ይታሰር፤ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፣ አንዲት ጓል አይንካ።» ማረሻው ታሰረ። ዘይነት በሃይድሮሊኩ ከጉልበት በላይ አነሣችው። ደግሞ አመድ በተንን።

አረንጓዴው ዞረ። አሥራ አምስት፤ እንደ ቅድሙ። ማረሻው ወደ ውጭ ቢወዛወዝም የፊት ጎማዎቹ ከሠሩት ዙር አላለፈም። ከዚያ ማረሻው ወደ ቀዩ ተዛውሮ ታሰረና ቀዩ መጣ። ጎማዎቹ ያችኑ አሥረኛ እርምጃ ያዙ። ወገቡ ሲታጠፍ ግን የኋላው አካል ማረሻውን ወደ ቦዩ ወረወረው። የማረሻው ጫፍ ከችካሉ አልፎ በሽንኩርቱ ላይ በአየር ቀዝፎ ተመለሰ። መሪጌታ ጫፉ ያለፈበትን በዓይናቸው ይዘው ሄዱና መቋሚያቸውን አቆሙ። «አሥራ አራት።»

የአምስት እርምጃ ብልጫ አንድ ሆነች። ቃሌ ደግሞ በሁለት እርምጃ ተበልታ ቁጭ አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉታል እንዲህ ነው። ምን ይደረግ፣ ደሜ ፈላ፣ ክርክር ጀመርሁ።

«ይኸ አይቆጠርም! መሬት አልነካም፣ በአየር ነው ያለፈ። አንዲት ቅጠል ተቀጥፋለች? ሂዱ እዩ!»

ሰው ሄዶ አየ። እውነትም አንዲት ቅጠል አልተቀጠፈችም። አንዳንዱ በእኔ በኩል ሆነ። አንዳንዱ ደግሞ ሳቀ፤ የማን መሬት ሊሄድ እንደሆነ ያውቃል።

እትየ የሺአረግ ድምፃቸውን አላነሡም። ወደ ሽንኩርታቸው ገብተው ተቀመጡና እጃቸውን ከቅጠሉ ላይ አኖሩ፤ የማረሻው ከፍታ ከመዳፋቸው ትንሽ ነው የሚበልጠው። «ዛሬ ሽንኩርት ነው። ክረምት ሲገባ እዚህ ላይ በቆሎ እዘራለሁ። በቆሎ አንተን ያህል ይሆናል፤ ያኔ በአየር ነው የሚያልፈው ወይስ በበቆሎዬ አንገት? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፣ ልጄ። ዛሬ አየሩን ዝም ካልሁ ከርሞ መሬቱንም ዝም ልል ነው።»

ወደ ዘይነት ዞር አልሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንድ መላ እንድታወጣልኝ ፈልጌ ነበር። «ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትዞሪስ?» አልኋት።

«ቀደም ካልሁ ሌላው መሬት ሳይታረስ ይቀራል፤ ከእርሳቸው አንሥቼ ከጎረቤት መብላት ነው» አለች። «ሁለቱንም ነግሬዎታለሁ፣ ጋሼ። ቀዩ ሁለት ዱካ ብቻ ይረግጣል፣ በዋልካ ላይ አራቱም ጎማ እኩል ይገፋል፤ ጅራቱ ግን ይወጣል። ጎኑ ተዳፋት በሆነ መሬት ላይ ታጥፎ ሲቆምም አልወደውም። የእናንተ ሜዳ ሆኖ እንጂ ተዳፋት ቢሆን አረንጓዴውን ነበር የምላችሁ። እኔ ብሆን ቀዩን ነው። ያለ ሁለቷ እርምጃ ግን አይሆንም።»

አርባ ሰው አየኝ። ቀዩ ትራክተር ሞተሩ እየሠራ፣ ወገቡ ግማሽ ታጥፎ ቆሟል። እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ቆላ ድባ ሄዶ ሌላ ሰው ሲያርስበት ታየኝ። ከሁለት እርምጃ መሬትና ከዚያ ትራክተር የትኛው ይሻለኛል ብዬ ብጠይቅ መልሱ ከመጀመሪያውም ከእኔ ጋር ነበር። ያስቆጣኝ መሬቱ አልነበረም፤ በሰው ፊት መረታቴ ነው። ይኸን ሳውቅ ቁጣዬ ቱር ብሎ ወጣ።

«ይለካ!» አልሁ። «ከድንበራችን ላይ ሁለት እርምጃ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከኔ ወደ እርሳቸው!»

ራሴ ልለካ ጀመርሁ። እትየ የሺአረግ ሁለተኛዋን እርምጃ አይተው «ይች የዶሮ እርምጃ ናት» አሉና ዘይነትን ጠሩ። «አንች ልጅ፣ እግርሽ ረጅም ነው፤ አንች ለኪልኝ።» ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ዘይነት ስትለካ ከእኔ ወደ ግማሽ እርምጃ በለጠች፤ እሱም ሄደ። ድንበሩ ላይ አራት ችካል ራሴ ቆፍሬ ልተክል ስል መሪጌታ «ምድር!» ብለው ጮኹብኝ፤ ድንጋይ ኮልኩለን ምልክት አደረግን።

ከዚያ ወረቀቱን አመጣሁ። ብዙዎቻችን በጣት አሻራ ነበር የፈረምነው፤ ቀለሙን አቀረብሁላቸው። እሳቸው ቀለሙን ገፋ አደረጉና ብዕር ጠየቁ። ከጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ አንዷን ፊደል ጨርሰው ሌላዋን እያሰቡ፣ አርባ አንደኛው መስመር ላይ የሺአረግ ብለው ጻፉ። በዚያች ሰዓት ያለ እስትንፋስ የቆምሁትን ያህል ጳጳስ ሲባርክም ቆሜ አላውቅም። ጽሑፉ ሲያልቅ እንደ ልጅ ዘለልሁ፤ አላፍርበትም።

ዘይነት አረንጓዴውን ወደ ሎቤዱ ልትጭን ሄደች። ቀዩ እኛ ዘንድ ቀረ። ሰው ሁሉ ጎማውን እየዳበሰ፣ ነገ መጀመሪያ የማን ማሳ ይታረስ በሚል ወዲያው መሻማት ጀመረ። ዝም በሉ ብዬ ወደ እትየ የሺአረግ ዞርሁ፤ የሚገባውም ነው።

«ነገ አሥራ ሦስት ነው፣ ምድር ይወጋል» አልኋቸው። «ከእርስዎ ይጀመር። ከየቱ ጋ እናስገባው?»

«አንተ ከሰጠኸኝ ሁለት እርምጃ ላይ» አሉ።

«ምነው? ሌላው ሁሉ እያለ?»

«ልብህ ደግ ነው፣ ፍሬ ስብሐት፤ ግን ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ድንጋይ በአዳር ይነሣል። ያረስሁትን ግን የሚያነሣብኝ የለም።»

በማግስቱ ጧት፣ የመጀመሪያውን ትልም ያወጣነው እዚያ ላይ ነው። ከጋቢናው ከዘይነት ጎን የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ከኋላ በእግሬ እየተከተልሁ፣ የነበረኝ መሬት ተገልብጦ ጥቁር ሲሆን እያየሁ፣ እጄን እያጨበጨብሁ ሄድሁ።